ጋሽ ቶላ ሥራ የለቀቁበት ደብዳቤ

ያን ሐሙስ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው እስካሁን ፊት ለፊቴ አያቸዋለሁ። ጺማቸውን ተላጭተዋል። ለበዓል ብቻ የሚለብሱትን ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል። መታወቂያቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተውታል፤ ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በወጣ ቁጥር እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እንዳይወድቅ። የምንሄደው ጡረታ ቢሮ ነበር። እዚያ ስንደርስ ምን እንደሚባሉ እኔ አውቅ ነበር። እሳቸው አያውቁም።

ይህን ታሪክ ከልጄና ጉዳዩ ከሚመለከታቸው ሰዎች በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም፤ ስታነቡት እንደማታዝኑልኝም አውቃለሁ።

ዘነቡ እባላለሁ። አዳማ ውስጥ፣ ከአሰላ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በርና መስኮት የምንሠራበት የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። የከፈተው ባለቤቴ ኃይሉ ነው። ጋሽ ቶላ ደግሞ የመጀመሪያ ሠራተኛው ነበሩ፤ የደራ ገጠር ልጅ ናቸው፣ ብየዳ የለመዱት ቆቃ አጠገብ በነበረ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛም ጡረታ ይኖረዋል የተባለ ጊዜ ኃይሉ ወዲያው አስመዘገባቸው። «ቶላ ሲያረጅ እጁን ዘርግቶ አይለምንም» ብሎ በኩራት ሲያወራ ትዝ ይለኛል።

ኃይሉ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ደረቴን ያዝ አደረገኝ» ብሎ ቤት መጣና ጋደም አለ። አልተነሳም። እኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ልጄ ሜሮን ስድስተኛ ክፍል። ስለ ብረት የማውቀው ነገር ቢኖር የኃይሉን ቱታ ማጠብ ብቻ ነው። አርባው እንደወጣ ሠራተኞቹን ሰብስቤ ማሽኖቹን ሸጬ እንደምዘጋ ነገርኳቸው። ሌሎቹ ሲወጡ ጋሽ ቶላ ቀሩ።

«እህቴ፣ አትዝጊው» አሉኝ። «ለስድስት ወር ብቻ ታገሺኝ። ካልሆነልሽ ያኔ ራሴ ገዢ አመጣልሻለሁ።»

ስድስት ወሩ ዓመት ሆነ፣ ዓመቱም ሦስት። የላሜራን ውፍረት በጣቴ ዳስሼ እንድለይ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለልኬት ስሄድ ከኋላዬ ሜትር ይዘው ይከተሉኛል። ደንበኛ ፊት ዋጋ አሳንሼ ስጠራ ይስላሉ፤ ያን ሳል ስሰማ «ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ» ብዬ ከፍ አደርጋለሁ። በኋላ ለብቻችን ስንሆን እንስቃለን። እኔ እሳቸውን «እርስዎ» እላለሁ፣ እሳቸው እኔን «እህቴ» እና «አንቺ»። ለሚያየን ሰው ሁሉ ዘመዳሞች እንመስላለን።

ሥራው ሲደራ ተበረታታሁ። ቤቴን አስይዤ ከባንክ ተበደርኩና የላሜራ መቁረጫና ማጠፊያ ማሽን ገዛሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር በእቅዴ ሄደ። ከዚያ የብረት ዋጋ ሰማይ ወጣ። ቤት የሚሠራው ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ አቆመ። በር አሠርቶ የወሰደው ተቋራጭ ስልክ ማንሳት ተወ። ባንኩ ግን ቀኑን አይረሳም፤ በየወሩ የማላውቀው ቁጥር ይደውልልኛል።

ከባንኩም በላይ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። እናቴ ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪ ነበረች። አርጅታ ጉልበቷ ሲከዳት ምንም አልነበራትም። ፍራሿን ተሸክማ ከአንድ ወንድሜ ቤት ወደ ሌላው ስትዞር፣ መጨረሻ እኔ ጋ መጣች። ምግብ ባቀረብኩላት ቁጥር «እስከ መቼ ልክበድሽ?» ትለኝ ነበር። ያንን እየሰማሁ ለራሴ ማልኩ፤ እኔ እንዲህ ለሜሮን አልሆንባትም። ኃይሉ እንደሞተ አንድ የቁጠባ ደብተር ከፈትኩ። የእርጅናዬ ነው፣ ምንም ቢመጣ አልነካውም፣ በየወሩም ሳላስገባ አላድርም አልኩ።

ስለዚህ ገንዘቡ ሲጠብ በሁለት ነገር መሃል ተያዝኩ። ዕዳውን ባልከፍል ቤቴ ይሄዳል። ቁጠባውን ባቆም እርጅናዬ ይሄዳል። አንዱን ቀንሼ አንዱን መሙላት እያሰብኩ ስጨነቅ ዓይኔ ሦስተኛው ላይ አረፈ፤ የሠራተኞቼ ጡረታ። ከደመወዛቸው የምቆርጠውና እኔ የምጨምርበት፣ በየወሩ የማስገባው ገንዘብ።

መጀመሪያ አንድ ወር አሳለፍኩ። «በሚቀጥለው ወር አብሬ እከፍላለሁ» ብዬ ነው፣ ከልቤ ነበር። ሁለተኛው ወር መጣ፣ ሦስተኛው። ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ ደነገጥኩና ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራ በመቀዝቀዙ ሠራተኞቼ ሥራ መልቀቃቸውን ይገልጻል። ተራ ቁጥር አንድ ላይ ቶላ ገመዳ የሚል ስም አለ። ማኅተም አደረግኩ፣ ፈረምኩ፣ አስገባሁ። ወደ ወርክሾፕ ስመለስ ጋሽ ቶላ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የትምህርት ቤት በር እየበየዱ ነበር። ጭምብሉን ከፍ አድርገው «ደህና ነሽ? ፀሐዩ መታሽ እንዴ?» አሉኝ።

ከደመወዛቸው መቁረጤን ግን አልተውኩም። ብተወው ለምን ብለው ይጠይቁኛላ። ሌሎቹ ሠራተኞች ወጣቶች ስለነበሩ ወደ ሌላ ሥራ እየተበተኑ ሄዱ። ጋሽ ቶላ ሰባት ዓመት በዚያ በተቆረጠ ደመወዝ ላይ ፈረሙ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት የራሴ ቁጠባ ደብተር ላይ አንድም ወር አልዘለልኩም።

ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው ረቡዕ ነው፣ ከሻይ ሰዓት በኋላ፣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው ጓንታቸውን አወለቁ።

«እህቴ፣ በመታወቂያዬ ትናንት ስልሳ ሞላኝ።»

«እንኳን አደረሰዎት» አልኳቸው።

«ዓይኔ ደክሟል። የብየዳው መስመር ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። ባለፈው ሳምንት ያቺን መስኮት አጣምሜ እንደሰጠሁሽ አይተሽ ዝም አልሽኝ፣ አውቄአለሁ።» ፈገግ አሉ። «ወንድሜ ደራ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጠኛል። ከጫልቱ ጋር ተማክረናል። ጡረታዬ የሷን የስኳር መድኃኒትና ቀለባችንን ከቻለ ሌላ ምን እንፈልጋለን? ነገ ጡረታ ቢሮ ልሄድ ነው።»

«ነገ?» አልኩ። «እስከ ሰኞ ቢቆዩስ? ያ የሆቴሉ ሥራ…»

«እሱን ጨርሼልሽ ነው የምሄደው፣ አታስቢ። ነገ ማመልከቻውን ብቻ ነው የማስገባው።» ጓንታቸውን እያጠፉ «አብረሽኝ ብትመጪ ደስ ይለኛል» አሉ። «ኃይሉ ቢኖር እሱ ነበር የሚወስደኝ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እንደወጡ ከመሳቢያዬ የቁጠባ ደብተሬን አወጣሁ። ገንዘቡ አለ። የሰባት ዓመቱን ከነቅጣቱ ይከፍላል፤ ምናልባት ትንሽም ይተርፋል። ግን መልካሳ ላይ ሁለት ክፍልና አንድ ሱቅ ያላት ቤት ልገዛ ቀብድ ሰጥቼ ነበር፤ ቀሪውን በሳምንቱ ልከፍል ቃል ገብቻለሁ። ሱቋን አከራይቼ በኪራዩ ላረጅባት ያሰብኳት ቤት ናት። ብዙ ጊዜ ሄጄ አጥሯን ዞሬአለሁ፤ ሎሚ የት እንደምተክል ሳይቀር አውቃለሁ። ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ ቶላን ጠርቼ እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ምናልባት ነገ ኔትወርክ አይኖርም፣ ምናልባት ሠራተኛዋ አትገባም፣ ምናልባት ወረቀት ጎደለ ብለው ይመልሱናል አልኩ። በመጨረሻ የተማመንኩት በዚህ ነበር።

ኔትወርክ ነበር። ሠራተኛዋም ገብታለች።

ወረፋው ረጅም ስለነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ቶላ አጠገባቸው ከነበሩ አንድ አዛውንት ጋር በኦሮምኛ ጨዋታ ጀመሩ። ሰውየው እኔን አይተው የሆነ ነገር ጠየቋቸው። ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ «ልጅህ ናት ወይ?» ነው ያሏቸው።

«ኦቦሌቲ ኮ» አሉ ጋሽ ቶላ፣ እህቴ ናት ማለታቸው ነው። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማው ይመስለኛል፣ «አሠሪዬ ናት። ሥራዋን ትታ ነው የተከተለችኝ» ብለው ጨመሩበት።

ሰውየው ራሳቸውን ነቅንቀው መረቁኝ። እኔ ወለሉን አያለሁ። ተነስቼ በዚያ በር ብወጣ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ግን የጋሽ ቶላ ወረቀቶች «ያዥልኝ» ብለው ሰጥተውኝ እኔ እጅ ላይ ነበሩ።

ተራቸው ደረሰ። መስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ሴት መታወቂያቸውን ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። ቆም አለች። እንደገና ጻፈች።

«አባባ፣ የመጨረሻ ሥራዎ የት ነበር?»

«የመጨረሻ የሚባል የለም ልጄ። ትናንትም ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«እዚህ ላይ ግን ከሰባት ዓመት በፊት ሥራ ለቀዋል ይላል።»

ጋሽ ቶላ ሳቁ። የእውነት ሳቅ ነው የሳቁት፣ ሰው ቀልድ ሲነግራቸው እንደሚስቁት። «ማን ነው የለቀቀው?»

«እርስዎ።»

«ስም ተምታቶብሽ እንዳይሆን ልጄ። ቶላ እኮ ብዙ ነው።»

«የአባት ስምም፣ የድርጅቱም ስም አንድ ነው አባባ። የተከፈለልዎት ለሰባት ዓመት ብቻ ነው። በየወሩ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት ያስፈልጋል። አሁን ባለው ከሆነ የተዋጣው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ይሰጥዎታል እንጂ ወርሃዊ ጡረታ የለዎትም።»

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብለው ሁለት እጃቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጉ። ግራ እጃቸው ላይ ማክሰኞ ዕለት የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠላቸው ቁስል ገና አልደረቀም።

«ይሄን እዪ። ይሄ ሥራ የለቀቀ ሰው እጅ ነው?»

ልጅቷ እጃቸውን አየች።

«አሠሪዬ ይቺትና» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ንገሪያት እህቴ። በየወሩ ስትቆርጪ አልነበር? ንገሪያት።»

አሁን የምጽፈውን መጻፍ ነው ከሁሉም የከበደኝ። በዚያ ሰዓት እውነቱን መናገር እችል ነበር። አፌ ተከፍቶ የወጣው ግን እንዲህ የሚል ነው፦ «ስህተት ይሆናል። ሒሳብ የሚሠራልን ሰው ነበር፣ እሱ ይሆናል ያበላሸው። አጣራለሁ።»

ሒሳብ የሚሠራልን ሰው ኖሮን አያውቅም።

ልጅቷ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ደብዳቤው ፋይል ውስጥ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ማን እንደፈረመበት ይታያል።»

«አጣራለሁ አልኩሽ እኮ!» ድምፄ ከፍ ብሎ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ።

«እሺ። ድርጅቱ ያልከፈለውን ከነቅጣቱ ከፍሎ፣ ሥራ ላይ እንደነበሩ በማስረጃ ካረጋገጠ ሊስተካከል ይችላል» ብላ መታወቂያቸውን መለሰችላቸው።

ጋሽ ቶላ ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዙት «ሊስተካከል ይችላል» የምትለዋን ብቻ ነው። ውጭ ስንወጣ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያዞረ ነበር። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እሳቸው ትተውኝ መንገዱን ተሻገሩና ከሱቅ አንድ ውሃ ገዝተው መጡ።

«ጠጪ። ፊትሽ ገርጥቷል። አይዞሽ፣ ወረቀት ነው፣ ይስተካከላል» አሉኝ። ጠርሙሱን ከፍተው ነው የሰጡኝ። «ያ ሒሳብ ሠራተኛ የተባለው ግን ማን ነበር? እኔ አላስታውሰውም።»

«አያውቁትም» አልኩ።

«እግዜር ይይለት» አሉና ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሄዱ። ባጃጅ ልያዝልዎት ብላቸው «መራመድ ይሻለኛል» አሉኝ። እስኪጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ በላብ ርሷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ሜሮን ከሥራ መጣች። ልጄ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እንድታጽናናኝ ፈልጌ ነው። «ላንቺ ብዬ ነው፣ እንዳልከብድሽ» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ እኔ እንዳልጦርሽ ብለሽ ጋሽ ቶላ የሚጦሩበትን ወሰድሽባቸው?»

ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም።

አርብ ጠዋት ቤታቸው ሄድኩ። ቦኩ በኩል ነው የሚኖሩት፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት የኪራይ ክፍል። ባለቤታቸው አደ ጫልቱ በሩን ከፍታ አቅፋ ሳመችኝ። ጋሽ ቶላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከፊታቸው በርጩማ ላይ ወረቀት ተከምሯል። ያለፉት ዓመታት የደመወዝ ወረቀቶች ናቸው፣ እያንዳንዱን አስቀምጠውታል። ለማስረጃ እንዲሆነኝ ብለው ሲደረድሩ አድረዋል።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ» አሉኝ። «እዪ፣ የአንድ ወር ብቻ ነው የጎደለኝ። በየወሩ ጡረታ ተቆርጧል። ይሄን ስናሳያቸው…»

«ጋሽ ቶላ፣ ስህተት አይደለም» አልኩ።

ቀና አሉ።

«እኔ ነኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእርስዎ ቆርጬ አላስገባሁም። ባንኩ ሲያስጨንቀኝ…» ማልቀስ ጀመርኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ሰው እኔ መሆን አልነበረብኝም፤ ግን አለቀስኩ።

አደ ጫልቱ የቆመችበት ቀረች። ጋሽ ቶላ እጃቸው ላይ የነበረውን ወረቀት ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርገው አስቀመጡ። ሲቆጡ አይቻቸው ስለማላውቅ አሁን ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ለባንኩ ነው የከፈልሽው?» አሉ።

«አዎ።»

«ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ… ቤትሽ ከሚሄድ ደመወዜን ራሱ ታገሱኝ ብትይ እታገስሽ ነበር። የኃይሉ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ ጋሽ ቶላ።»

«ሁሉም ለባንኩ ነው የሄደው?»

እዚህ ላይ አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ከትናንትናው ውሸት በኋላ ግን አልቻልኩም። «በዚያ ጊዜ ሁሉ ለራሴም እያጠራቀምኩ ነበር» አልኳቸው። «ለእርጅናዬ።»

«በየወሩ?»

«በየወሩ።»

ያን ስነግራቸው ነው ፊታቸው የተለወጠው። ዕዳውን ሰምተው የተሸከሙት ይመስለኛል፤ ቁጠባውን ግን መሸከም አልቻሉም። ተነሱና አጠገቤ አልፈው ወደ ግቢው ወጡ። በመስኮቱ አየኋቸው፤ አጥሩ ጋ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተዋል።

አደ ጫልቱ አማርኛ ብዙም አትችልም። አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና ቃል እየፈለገች እንዲህ አለችኝ፦ «እኛ ልጅ የለም። አንቺ ታውቂያለሽ። ሰው ‹ማን ይጦራችኋል?› ሲል፣ ቶላ ይስቃል። ‹የሚጦረን ዘነቡ ጋ አለ› ይላል።»

ገንዘቡን በሙሉ እንደምከፍል፣ ዛሬውኑ ባንክ እንደምሄድ፣ እስኪስተካከል ድረስ ደመወዛቸውን በየወሩ እንደማመጣ ነገርኳት። የገባት አይመስለኝም፤ እጄን ይዛ ተቀመጠች። ስወጣ ጋሽ ቶላ ከአጥሩ ዞሩ። ልጠጋቸው ስል እጃቸውን በትንሹ ከፍ አድርገው አስቆሙኝ።

«በሰላም ይግቡ፣ ወይዘሮ ዘነቡ» አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት «እርስዎ» ብለውኝ አያውቁም ነበር። ቢሰድቡኝ እንደዚያ አያመኝም። መንገዱን እስከ ወርክሾፕ ድረስ በእግሬ ሄድኩት፤ ማንን ሰላም እንዳልኩ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት የቁጠባ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። የመልካሳዋን ቤት ተውኩ፤ ቀብዱ ቀልጦ ቀረ። ጡረታ ቢሮ ተመልሼ ለዚያች ልጅ ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን፣ የጻፍኩትም እኔ መሆኔን በጽሑፍ ሰጠኋት። ያልተከፈለውን ከነወለዱና ከነቅጣቱ ከፈልኩ፤ የሌሎቹን የሄዱትን ሠራተኞችም፣ እስከሠሩበት ቀን ድረስ። ደብተሬ ላይ የቀረችው ትንሽ ነገር ናት።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ባንኩ ሄጄ የብድር ክፍሉን ኃላፊ አነጋገርኩ። መክፈል እንደከበደኝ፣ የሠራተኛ ገንዘብ እስከመንካት እንደደረስኩ ነገርኩት። ሰውየው ፋይሌን አገላበጠና «ለምን ቀድመው አልመጡም? ጊዜውን አራዝመን የወሩን ክፍያ ልንቀንስልዎት እንችል ነበር» አለኝ። አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተፈቀደ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጠዋት ሄጄ መጠየቅ አፍሬ ነው ያን ሁሉ ያደረግኩት። ባለዕዳ መባልን ፈርቼ።

የጋሽ ቶላ ጉዳይ እስኪያልቅ አምስት ወር ፈጀ። የሆቴሉን ሥራ ቃላቸውን ጠብቀው ጨረሱት፤ የመጨረሻውን በር ገጠሙ፣ መሣሪያቸውን ጠርገው ሰቀሉ፣ ጓንታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ከጫልቱ ጋር ደራ ገቡ። በየወሩ ገንዘብ ስልክላቸው ሳይነኩ መልሰው ይልኩልኛል፣ «ያልሠራሁበት ነው» ብለው። በኋላ ከደራ የመጣ ሰው ነገረኝ፤ በዚያ በደከመ ዓይናቸው የእህል መጋዘን ጥበቃ ተቀጥረው ነበር፣ የጫልቱን መድኃኒት ለመግዛት። አምስት ወር ሙሉ ስልሳ ዓመት የሞላው ብረት ሠራተኛ ጥላ ስር ዱላ ይዞ ተቀመጠ፣ እኔ ባጎደልኩት።

አሁን ጡረታቸው በየወሩ ይገባላቸዋል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ቁጠባዬን ከዜሮ ጀምሬአለሁ። ወሩ ሲደርስ መጀመሪያ የሠራተኞቼን ጡረታ እከፍላለሁ፣ ቀጥሎ ባንኩን፣ ከተረፈ የራሴን። አንዳንድ ወር አይተርፍም። ይህን የምጽፍላችሁ ጥሩ ሰው ሆንኩ ልላችሁ አይደለም። ሰው ቀጥራችሁ የምታሠሩ፣ ብድር ያለባችሁ፣ እርጅናችሁም የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ግን ልንገራችሁ፤ ሲጨንቃችሁ የማይጮህ ሰው ገንዘብ በጣም ቅርብ ሆኖ ነው የሚታያችሁ። ባንኩ ይደውላል። የራሳችሁ ፍርሃት ሌት ተቀን ይቀሰቅሳችኋል። ጋሽ ቶላ ግን ዝም ብለው ይበይዳሉ። እኔ የወሰድኩት ዝም ካለው ነው። እናንተ ከዚያ በፊት አበዳሪያችሁን ሂዱና አነጋግሩ፤ ሠራተኛችሁንም አስቀምጣችሁ ንገሩት። ማፈሩ ያልፋል።

ደራ አንድ ጊዜ ብቻ ሄጃለሁ፣ ጡረታቸው በተፈቀደ በወሩ። ስኳርና ቡና ይዤ ነበር። በደንብ ተቀበሉኝ፤ አደ ጫልቱ ምሳ አቀረበች፣ ጋሽ ቶላም አብረውኝ በሉ። ስለ ሜሮን ጠየቁኝ። ስለ ወርክሾፑ አልጠየቁኝም። ስመለስ እስከ መኪና መያዣው ሸኙኝ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆመን ሳለ የመጣሁበትን አወጣሁት።

«ጋሽ ቶላ፣ ይቅር ብለውኛል?»

መንገዱን እያዩ ነው የመለሱልኝ።

«ይቅር ብያለሁ። እሱ አላስቸገረኝም» አሉ። «አንድ ነገር ነው የማይወጣልኝ። ሰባት ዓመት ጠዋት ጠዋት ስገባ፣ እንዴት አደርሽ እልዎት ነበር። እርስዎም ስቀው ደህና ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ምን እያሰቡ እንደነበር ነው የማላውቀው። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አስበዋለሁ፤ የትኛው ጠዋት እውነት እንደነበር መለየት አቃተኝ።»

ረዳቱ «አዳማ፣ አዳማ፣ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ልመልስላቸው ፈልጌ ነበር። ሁሉም እውነት ነበር፣ በእውነት ነው የምወድዎት ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን ከእኔ አፍ ወጥቶ የሚያምኑት ቃል አላገኘሁም። የሚኒባሱን በር ይዘው አሳፈሩኝ፣ ቀሚሴ እንዳይያዝ ሰብስበው አስገቡልኝ፣ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።